ዶክተር ማርሴል ጁኖ፦ በሁለት ጦር መካከል የቆሙት ሐኪም



የስደት ኑሮን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የእርዳታ ሠራተኛን ያውቃል። ስማችንን የሚመዘግብ፣ ዱቄትና ዘይት የሚያድል፣ ልጆቻችንን የሚከትብ እሱ ነው። አንዳንድ ቀን እናመሰግነዋለን፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እናማርረዋለን። ለምን ያየውን ሁሉ አይናገርም? ለምን ለአንዱ ወገን አያደላም? ለምን ካርድና ፊርማ ያበዛል? እያልን እንጠይቃለን። ይህ ሥራ ግን እንደ ሕክምናና እንደ መምህርነት ሁሉ የራሱ ሕግና ትምህርት ያለው ሙያ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ዛሬ የምናነበው የአንድ የስዊዘርላንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ነው። እኚህ ሰው ሙያውን የተማሩት በትምህርት ቤት ሳይሆን በእኛው አገር፣ በኮሬም ሜዳ ላይ ነው።

(በኢትዮጵያ ስለሆነው ነገር በእኛ አቆጣጠር፣ ስለ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ልጅነትና ትምህርት

ማርሴል ጁኖ በስዊዘርላንድ አገር በኔሻቴል ከተማ እ.ኤ.አ. በሜይ 14 ቀን 1904 ተወለዱ። አባታቸው የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች የነበሩበት ሲሆን ሀብት አልነበረውም። አባታቸው ሲሞቱ እናታቸው ወደ ጄኔቭ ተመልሰው እንግዶችን በኪራይ እያሳደሩ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ማርሴል የሕክምና ትምህርት ሊማሩ የቻሉት አጎታቸው በገንዘብ ስለረዷቸው ነው።

ገና ወጣት ሳሉ በራብ ለተጎዱ የሩሲያ ሕፃናት እርዳታ በሚያሰባስብ ማኅበር ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሠርተዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ሆነው በፈረንሳይ አገር በሙሉዝ ከተማ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ሥራ ተሰማሩ። ሐሳባቸው ጥሩ የቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን ነበር። ይሁን እንጂ በ1935 መጸው ከጄኔቭ ጥሪ መጣላቸው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ወደ ኢትዮጵያ የሚልከው ሐኪም ይፈልግ ነበር። ጁኖ በዚያን ጊዜ የ31 ዓመት ሰው ነበሩ። ጥሪውን ተቀበሉ።

በጂቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ

የፋሽስት ጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ኢትዮጵያ ያኔ የራሷ ወደብ አልነበራትም። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሐኪም ሆነ መድኃኒት በቀላሉ የሚገባው በዚህችው በጂቡቲ ወደብ ወርዶ በባቡር ነበር። ጁኖና ሲድኒ ብራውን የተባሉት ባልደረባቸው በዚህ መንገድ ሄዱ። ዛሬ የስደተኞች መንደር ያለባቸው ሆልሆልና የዓሊ ሳቢህ አካባቢ ያኔ ባቡሩ እያቃሰተ ወደ ድሬዳዋ የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች ነበሩ። እርዳታ በዚህ ሐዲድ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ስደተኞች በዚሁ ሐዲድ ወደ ታች ወረዱ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ገና በዚያው ዓመት፣ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው የተቋቋመው። ሠራዊቱ የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም። ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብጽ የሕክምና ጓዶች ድንኳንና መኪና ይዘው መጡ። የጁኖና የብራውን ሥራ እነዚህን ጓዶች ማስተባበርና የቀይ መስቀል ምልክት በሁለቱም ወገን እንዲከበር ማድረግ ነበር።

ለዚህ ሥራ ግን ማንም አላሠለጠናቸውም። ለእርዳታ ልዑካን የሚሆን ትምህርት ቤት በዓለም ላይ አልነበረም። ጁኖ የያዙት የሐኪም ዕውቀትና የጄኔቭን ስምምነት ብቻ ነበር። ስምምነቱ የቆሰለ ወታደር የማንም ወገን ይሁን የማን እንዲታከም፣ ሐኪሙም ሆስፒታሉም እንዳይመታ ያዝዛል። ሁለቱም ተዋጊ አገሮች ይህን ሕግ እንቀበላለን ብለው ፈርመዋል። ጣሊያን በጦርነት የመርዝ ጋዝ እንዳይሠራበት የሚከለክለውን የ1925ቱን ስምምነትም አጽድቃ ነበር።

ምልክቱ ሲመታ

ወረቀቱና ሜዳው ግን አልተገናኙም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አይሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታሉም ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን የሕክምና ጓድ ድንኳኖች በቦምብ ተደበደቡ። አንድ ስዊድናዊ ረዳትና በርካታ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች ሞቱ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ የእንግሊዞቹ ጓድ ኮሬም አጠገብ ተመታ። ጣሊያን ምልክቱን ኢትዮጵያውያን አለአግባብ ይሠሩበታል ብላ ትከስ ነበር። አንዳንድ ቦታ ሰው ከቦምብ ለመዳን ሲል ምልክቱን አለቦታው የሰቀለበት ጊዜ አልጠፋም። ይህ ግን ሕሙማን የተኙበትን ድንኳን ለመምታት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጁኖ ወደ ሰሜን የሄዱት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባሉ ስዊድናዊ በሚያበሩት ትንሽ የቀይ መስቀል አይሮፕላን ነው። መጋቢት 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ኮሬም ላይ አርፎ ሳለ የጣሊያን አይሮፕላኖች መጥተው አይሮፕላኑን አቃጠሉት። ሁለቱ ሰዎች ግን ተረፉ።

በዚያ አካባቢ ጁኖ ያዩት ነገር ዕድሜያቸውን ሙሉ አልለቀቃቸውም። በዛፎች ጥላ ሥር እጅግ ብዙ ወታደሮች ተኝተው ነበር። ከአይሮፕላን የተረጨው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳቸውን አቃጥሎታል። ይህ መርዝ ሣርና መሬት ላይ ቅባት መስሎ ስለሚቀር በባዶ እግሩ የሚሄደው ወታደር ከእግሩ ጀምሮ ይቆስላል፤ ዓይኑና ሳምባውም ይጎዳል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የሚረዳው ነገር ልብስን ወዲያው አውልቆ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው፤ እዚያ ግን ውሃውም ቅያሪ ልብሱም አልነበረም።

ጁኖ አማርኛ አያውቁም ነበር። ሆኖም ከቁስለኞቹ አፍ የሰሟት አንዲት ቃል በጆሯቸው ቀረች፤ ከዓመታት በኋላ በጻፉት መጽሐፍም አሰፈሯት። ያቺ ቃል «አቤት» ናት። ታላቅ ሰው ሲጠራን አቤት እንላለን፤ ግፍ ሲደርስብንም ወደ ዳኛ፣ ወደ ንጉሥ፣ ወደ ፈጣሪ አቤት እንላለን። የኮሬም ቁስለኞች ከፊታቸው የቆመውን ነጭ ሐኪም እንደ ሐኪም ብቻ አላዩትም፤ አቤቱታቸውን የሚሰማ ሰው አድርገው አይተውታል።

መናገር ወይስ ዝም ማለት?

እዚህ ላይ ነው የዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ የመጣው። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1936 በጄኔቭ የነበረው የመንግሥታት ማኅበር ስለ መርዝ ጋዝ ያለህን ማስረጃ ስጠኝ ሲል የቀይ መስቀሉን ኮሚቴ ጠየቀ። ኮሚቴው ከልዑካኑ የደረሰው መግለጫ በእጁ ነበር፤ ነገር ግን ገለልተኛ ነኝ በማለት አልሰጠም።

የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነበር። እኛ መስካሪ ከሆንን ተዋጊዎች በራቸውን ይዘጉብናል፤ በራቸውን ከዘጉብን ምርኮኛውንና ቁስለኛውን ማን ይደርስለታል? ይህ ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። እስር ቤት ለመግባት የአሳሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ግን ያ ዝምታ በኮሬም ሜዳ ለተኙት ሰዎች ያመጣላቸው ጥቅም አልነበረም። የጋዙ መርጨት አልቆመም። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በጂቡቲ በኩል ተሰደው ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ቆመው አቤቱታቸውን ራሳቸው አሰሙ። የጣሊያን መንግሥት በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1996 ነው።

ጁኖ ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ከሄዱ በኋላ በአዲስ አበባ በሆነው የዘረፋ ቀናት እዚያው ቆዩ። የእንግሊዙ ጓድ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ በእነዚያው ቀኖች ቁስለኛ ሲያነሡ በጥይት ተመትተው ሞቱ። የገደላቸው የጣሊያን ቦምብ እንዳልሆነም መናገር አለብን፤ በገዛ ከተማችን የተነሣው ዘረፋ ነው።

ኮሬም ላይ አብረዋቸው የነበሩት አብራሪ ፎን ሮዘን ለዚሁ ጥያቄ በኋላ የተለየ መልስ ሰጥተዋል። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀት ብዙ ዓመት አገለገሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ መጀመሪያ ለተራቡት ምግብ ያደርሱ ነበር። በ1969 ግን ትንንሽ አይሮፕላኖችን ለጦርነት አዘጋጅተው የናይጄሪያን አይሮፕላን ማረፊያዎች ደበደቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ገለልተኛ ሊባሉ አይችሉም ነበር። በ1977 ጎዴ ላይ በጦርነት ሞቱ። ሁለቱም ሰዎች በአንድ ሜዳ አንድ ግፍ አዩ፤ አንዱ መሣሪያ ሳይዙ እስከ መጨረሻው ቆዩ፣ ሌላው መሣሪያ አነሡ።

ሦስተኛ መልስ የሰጡም አሉ። በዚያው በቢያፍራ የሠሩ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ዝም ማለት አንችልም ብለው በ1971 ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙት መካከል ሆኑ። የዚህ ድርጅት የፈረንሳይ ክፍል በ1985 በኢትዮጵያ ውስጥ እርዳታው ለግዳጅ ሰፈራ መሣሪያ ሆኗል ብሎ በይፋ ተናገረ። የደርግ መንግሥትም ከአገር አስወጣው። ሌሎች ድርጅቶች ዝም ብለው ሕዝቡን መመገብ ቀጠሉ። የተናገረው እውነቱን ለዓለም አሰማ፤ ነገር ግን ሕሙማኑ ሐኪም አጡ። ዝም ያለው ሕሙማኑን አልተወም፤ እውነቱ ግን ታፈነ። ወላጆች ሆይ፣ ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ክርክር አለመሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ስፔን፦ የስም ዝርዝር ኃይል

ጁኖ ከኢትዮጵያ እንደተመለሱ በዚያው በ1936 የእርስ በርስ ጦርነት ወደ ተነሣባት ወደ ስፔን ተላኩ። እዚያ ችግሩ ሌላ ነበር። የጄኔቭ ስምምነት የተጻፈው አገር ከአገር ሲዋጋ ነው፤ ወንድም ከወንድሙ ሲዋጋ የሚገዛ ሕግ አልነበረም። ጁኖ ከመንግሥቱም ከአማፅያኑም ዘንድ እየሄዱ ቀይ መስቀልን እንዲቀበሉ ሁለቱንም አስፈረሙ።

በስፔን ያገኙት ትልቅ ትምህርት የስምን ኃይል ነው። ስሙ ያልተመዘገበ እስረኛ ሌሊት ተወስዶ ቢጠፋ ጠያቂ የለውም። ስሙ በጄኔቭ ተመዝግቦ ከሆነ ግን አሳሪው ነገ የት አደረስከው እንደሚባል ያውቃል። ስለዚህ ጁኖ ከሁሉ በፊት ዝርዝር ይጠይቁ ነበር። ከጦርነቱ መስመር በሁለቱ ወገን የተለያዩ ቤተሰቦችም በትንንሽ ካርዶች ደኅና ነኝ፣ ደኅና ናችሁ ወይ ይባባሉ ጀመር። እንዲህ ያሉ መልእክቶች በሚሊዮን ተቆጠሩ። ዛሬ በስደት ያሉ ወገኖቻችን የጠፋ ልጅ ወይም ወላጅ ሲፈልጉ የሚሞሉት የቀይ መስቀል ወረቀት ከዚያ ወገን የመጣ ነው።

ቃል መግባት አደገኛ መሆኑንም እዚያው ተማሩ። የባስክ ሰዎች በእሳቸው አማላጅነት ሴት እስረኞችን ለቀቁ። በለውጥ ይመጣሉ የተባሉት ግን ሳይመጡ ጊዜ አለፈ። ጁኖ ያደረጉትን አንድ ወገን ብቻ የፈጸመውን ውል ይዘው በአፍረት ከመቀመጥ ይልቅ እየተመላለሱ መወትወት ነበር።

ሂሮሺማ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጁኖ በአውሮፓ የምርኮኞችን ካምፖች እየጎበኙ ሠሩ። በ1945 በጃፓን የኮሚቴው ልዑክ መሪ ሆነው ተሾሙ። በሶቭየት ኅብረትና በማንቹሪያ በኩል ረጅሙን መንገድ ተጉዘው ቶኪዮ የደረሱት ኦገስት 9 ቀን፣ በናጋሳኪ ላይ ሁለተኛው የአቶም ቦምብ በተጣለበት ዕለት ነው።

ሂሮሺማ ከሦስት ቀን በፊት ጠፍታ ነበር። ወደዚያ ቀድሞ የሄደ አንድ የቀይ መስቀል ልዑክ የላከው ቴሌግራም ሲደርሳቸው ጁኖ ቴሌግራሙንና ፎቶግራፎቹን ይዘው ወደ አሜሪካ ጦር አዛዦች ዘንድ ሄዱ። ቦምቡን የጣለው ያው ጦር መሆኑን እያወቁ ስድብና ክስ አላስቀደሙም፤ መድኃኒት ጠየቁ። 15 ቶን ያህል መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተሰጣቸው። ሴፕቴምበር 8 ቀን ሂሮሺማ ገብተው ከጃፓን ሐኪሞች ጋር ሕሙማንን አከሙ። የሂሮሺማ ሕዝብ ውለታቸውን አልረሳም፤ በ1979 በከተማው የሰላም መናፈሻ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመላቸው።

የመጨረሻ ዘመን

በ1947 ያዩትን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተሙ። የመጽሐፉ የፈረንሳይኛ ርእስ «ሦስተኛው ተዋጊ» የሚል ነው። በጦርነት ሁለት ተዋጊዎች አሉ፤ ሦስተኛው በመካከላቸው ጠመንጃ ሳይዝ የሚቆመው ነው። ስለ ኮሬምም በስማቸው የመሰከሩት በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ከ11 ዓመት በኋላ።

ከዚያ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ስም ወደ ቻይና ሄዱ። እዚያ ሳሉ ጽኑ ሕመም ያዛቸውና ለረጅም ሰዓት መቆም የማይችሉ ሆኑ። የቀዶ ጥገና ሐኪም ካልቆመ አይሠራም። ጁኖ ግን ሕክምናን አልተዉም። በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ እንደገና ተማሪ ሆነው ተቀምጠው ሊሠሩት የሚችሉትን የማደንዘዣ ሕክምና ተማሩ፤ በጄኔቭ ሆስፒታልም በ1953 የማደንዘዣ ክፍል እንዲቋቋም አደረጉ። በ1952 የቀይ መስቀሉ ኮሚቴ አባል፣ በ1959 ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1961 በሥራ ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆሞ በ57 ዓመታቸው አረፉ።

ከሜዳ ወደ ትምህርት ቤት

ጁኖና ጓደኞቻቸው በሜዳ ከፍለው የተማሩት ነገር ዛሬ በክፍል ውስጥ ይሰጣል። በ1949 አራቱ የጄኔቭ ስምምነቶች ሲጻፉ በሁሉም ውስጥ የገባው 3ኛ አንቀጽ የእርስ በርስ ጦርነትንም የሚመለከት ሆነ፤ ስፔን ያጣችው ሕግ ማለት ነው። በ1965 ቀይ መስቀል ሰብአዊነትን፣ አለማዳላትን፣ ገለልተኝነትንና ነጻነትን ጨምሮ ሰባት መሠረታዊ መርሆችን አጸደቀ። በ1986 ለብዙ ሕዝብ በችግር ጊዜ ሕክምና ስለሚሰጥበት መንገድ የሚያስተምር ኮርስ በጄኔቭ ተጀመረ። በ1994 የእርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በሩዋንዳ ከደረሰው እልቂትና ስደት በኋላም ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል እስከሚለው ድረስ የእርዳታ ልክ ተጻፈ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ነገ፣ አንዳንዶቻችሁም ዛሬ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ስለምትገኙ ነው። ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወጣት በስደተኞች መካከል ቶሎ አስተርጓሚ ይሆናል። ጎበዝ እናት የጤና በጎ ፈቃደኛ ትሆናለች። ስም መዝጋቢ፣ ራሽን አዳይ ከእኛው ውስጥ ይመረጣል። ያን ጊዜ ገለልተኝነት የጄኔቭ ቃል መሆኑ ይቀርና የእኛ ፈተና ይሆናል።

አስተርጓሚ የሆንክ እንደሆነ የተባለውን ሁሉ ተናገር፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። በቃለ መጠይቅ ላይ የሰማኸውን የሌላ ሰው ገመና ቡና ላይ አታውጣ። መዝጋቢ የሆንሽ እንደሆነ ዘመድሽንና የማታውቂውን ሰው በአንድ ሰልፍ አስቆሚ። ዘሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የትኛው ጦር ውስጥ እንደነበረ ሳይሆን የሚያስፈልገውን ጠይቁ። በእጃችሁ የሌለውን ነገር ይመጣል ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ የተስፋ ዕዳ ከገንዘብ ዕዳ ይከብዳል። ግፍ ካያችሁ ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውንና የሆነውን በትክክል ጽፋችሁ ለሚመለከተው አካል አቅርቡ። መቼ በአደባባይ እንደሚነገር፣ መቼ በጽሕፈት ቤት ውስጥ እንደሚነገር መመዘን ከባድ ነው። ፈጽሞ አለመናገር ግን ገለልተኝነት አይደለም።

ዶክተር ጁኖ ፍጹም ሰው አልነበሩም፤ ኮሚቴያቸውም ተሳስቷል። ታሪካቸው የሚጠቅመን ስለዚህ ነው። አቤት ያለውን ሰው ሰሙ፤ ያዳኑት ግን ጥቂቱን ነው። ቢሆንም ያልቻልኩት ስለበዛ ልተው አላሉም። እየተማሩ፣ እየወደቁ፣ ከአገር አገር እየሄዱ 26 ዓመት ሠሩ።

ጥያቄዎች ለተማሪዎች

1. ጁኖ ኢትዮጵያ ሲደርሱ ምን ዕውቀት ነበራቸው? ምንስ ይጎድላቸው ነበር?

2. የስም ዝርዝር እስረኛን እንዴት ሊያድን ይችላል? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።

3. ጁኖ፣ ፎን ሮዘንና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለአንድ ጥያቄ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ? የሌሎቹን ምክንያት ሳትንቁ መልሱ።

4. «አቤት» የሚለውን ቃል በቤታችሁ በስንት ዓይነት ትርጉም ትጠቀሙበታላችሁ? ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።